የጤፍ ማሳና የኮንዶሚኒየም ቁልፍ፦ የእርሻ መሬት ገበያና የመኖሪያ ቤት ገበያ የት ላይ ይገናኛሉ?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ያፈላለገ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ቦታ ዋጋው በካሬ ሜትር ይጠራል። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን ያው መሬት፣ ያው ጥቁር አፈር በቀርጥ ወይም በጥማድ መጠራት ይጀምራል። የመለኪያው መለወጥ ተራ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በካሬ ሜትር የሚናገረው ሰው የሚያስበው ስለ መኝታ ክፍልና ስለ ግቢ በር ነው። በቀርጥ የሚናገረው የሚያስበው ስለ ኩንታል ነው። ደላላ የሚባለው ሰው እንጀራ ደግሞ የሚጋገረው እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሁለት ገበያዎች ምን ያገናኛቸዋል? የቤት ዋጋ ሲንር የእርሻ መሬት ዋጋ አብሮ ይንራል? ቤት ሲረክስስ? ጥያቄው ለመማሪያ ክፍል ብቻ የሚሆን አይደለም። በከተማ ዳር ገንዘቡን ያፈሰሰ ነጋዴ፣ መሬቱ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬና የቤት ካርታ በመያዣነት የሚቀበል ባንክ ሁሉም መልሱን ሳያውቁት ይወራረዱበታል። በዛሬው ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት እንሞክራለን።

መሬት ዋጋውን ከየት ያመጣል?

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ የመሬት ኪራይ የእህል ዋጋ ውጤት እንጂ መነሻ አለመሆኑን አስረድቷል። እህል ሲወደድ ለም መሬት የያዘው ሰው ትርፉ ይሰፋል፤ ያ ትርፍ ኪራይ ይሆናል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1826፣ በሰሜን ጀርመን ራሱ እርሻ ያስተዳድር የነበረው ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቱነን ሌላ ነገር ጨመረበት። የመሬት ዋጋ በለምነቱ ብቻ ሳይሆን ከገበያው ባለው ርቀትም ይወሰናል አለ። በከተማዋ ዙሪያ ቀለበት ሣለ። የመጀመሪያው ቀለበት ቶሎ የሚበላሹትን አትክልትና ወተት ያመርታል። ሁለተኛው ለማገዶና ለግንባታ የሚሆን እንጨት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እህል፣ የመጨረሻው ደግሞ የከብት ግጦሽ ነው።

አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥዕል እንግዳ አይደለም። የአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ፣ የሱሉልታ ወተት፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእንጦጦን ጋራ የሸፈነው ባሕር ዛፍ፣ ራቅ ብሎ የአድዓ ጤፍ። ጀርመናዊው ሰው አገራችንን ሳያይ ካርታዋን የሣለላት ይመስላል። በእሱ ሥዕል ውስጥ የማይንቀሳቀስ አንድ ነገር ግን ነበር፤ ከተማዋ ራሷ። የእኛዋ ከተማ ትንቀሳቀሳለች። ወደ ውጭ በተገፋች ቁጥር የመጀመሪያው ቀለበት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ይገፋል። ትናንት ወተት ይታለብበት የነበረው ቦታ ዛሬ የግንባታ ብሎኬት ተደርድሮበታል።

እንግዲህ ማንኛውም መሬት ቢያንስ ሁለት ዋጋዎች አሉት ማለት ነው። አንደኛው ዛሬ ከሚያፈራው ምርት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው አንድ ቀን ቤት ይሠራበታል ከሚል ተስፋ የሚመጣ ነው። ከከተማ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ማሳ ሁለተኛው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ከቀለበት መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ማሳ ደግሞ የመጀመሪያው ዋጋው ተረስቶ ሁለተኛው ብቻ ሲወራለት ይውላል። ሁለቱን ገበያዎች የሚያገናኘው ገመድ ይኸው ተስፋ ነው፤ ርቀት በጨመረ ቁጥርም ይቀጥናል።

አዮዋ ያስተማረችው

ገመዱ ምን ያህል ሊቀጥን እንደሚችል ለማየት ወደ አሜሪካ ጎራ ብንል አይከፋም። የቤት ዋጋ በመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ከሩብ በላይ ወደቀ። ባንኮች ተናጉ፤ ሰዎች ቤታቸውን ለባንክ አስረክበው ወጡ። በዚያው ጊዜ በበቆሎና በአኩሪ አተር በምትታወቀው የአዮዋ ግዛት የእርሻ መሬት ምን ሆነ? የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በሚያካሂደው ጥናት መሠረት በ2007 በኤከር በአማካይ 3,908 ዶላር የነበረው መሬት በ2012 8,296 ዶላር ደረሰ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ቤት ሲቃጠል ማሳው አበበ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ2007 ባወጣው የኃይል ሕግ ከበቆሎ የሚጠመቅ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል የሚያስገድደውን መጠን ከፍ አደረገ፤ የበቆሎ ዋጋ ተሰቀለ። የቤቱን ቀውስ ለማብረድ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ወደ ዜሮ ሲያወርደው ደግሞ ርካሹ ብድር ገበሬውን መሬት አስገዛው። የቤት ገበያው ውድቀት ራሱ በወለድ በኩል ዞሮ የእርሻ መሬትን አስወደደ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ለአዮዋ ገበሬ ግን ይህ የመጀመሪያ ፍንጠዛው አልነበረም። በ1981 መሬቱ በኤከር 2,147 ዶላር ደርሶ ነበር። የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ ወደ ሰማይ ሲወጣና የእህል ኤክስፖርት ሲቀዘቅዝ በ1986 ወደ 787 ዶላር ተንከባለለ። ከመቶው ስድሳ ሦስት እጅ በአምስት ዓመት ውስጥ ጠፋ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የቤት ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲህ ያለ ውድቀት አላየም። የመጀመሪያው ጊዜ ማሳው ወድቆ ቤቱ ቆመ፤ በሁለተኛው ቤቱ ወድቆ ማሳው ቆመ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው የአዮዋ አኃዞች የገጠሩን አማካይ የሚያሳዩ መሆናቸውን ነው። በትላልቅ ከተሞች ዳር ቤት ሠሪ ኩባንያዎች ለነገ ብለው ገዝተው ያስቀመጡት መሬት ዕጣ ከቤቱ ጋር አንድ ሆነ። ቤት ሲወድቅ እሱም ወደቀ። ገዢ ጠፍቶ መልሶ በቆሎ የተዘራበት አለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የእርሻ መሬት አይሸጥም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። ታዲያ የማይሸጥ ነገር ገበያ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም።

አለው። ብቻ ዋጋው የሚታየው በቀጥታ ሳይሆን በመስኮት ነው። አንደኛው መስኮት ኪራይ ነው። ገበሬው መሬቱን በኮንትራት ያከራያል፤ በእኩል ወይም በሲሶ ያሳርሳል። በአማራ አካባቢ ደግሞ ወለድ አገድ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ብር ያበደረው ሰው ብሩ እስኪመለስለት መሬቱን ያርሳል፤ ምርቱ የገንዘቡ ወለድ ነው። በወለድ አገድ የተሰጠን ብርና ከማሳው የሚገኘውን ምርት አስተያይቶ ያሰላ ሰው በዚያ ቀበሌ የገንዘብ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያለ ባንክ ያውቃል።

ሁለተኛው መስኮት ካሳ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ ከመሬቱ ያገኝ የነበረው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ቢታይም ትልቅ ነው። የአንድ ገበሬ ገቢ በአምስት ዓመት ውስጥ 20፣ 40፣ 60፣ 80፣ 100 ሺህ ብር እያለ አደገ እንበል። በአሮጌው ቀመር አማካዩ 60 ሺህ፣ ካሳው 600 ሺህ ብር ነው። በአዲሱ ከፍተኛው 100 ሺህ፣ ካሳው አንድ ሚሊዮን ተኩል ይሆናል። እህል በየዓመቱ በሚወደድበት አገር የአምስት ዓመት አማካይ ማለት ለዛሬ መሬት የድሮ ዋጋ መክፈል ነበር።

ያም ሆኖ ሁለቱም ቀመሮች በአንድ ነገር ይስማማሉ። የመሬቱን ዋጋ የሚወስዱት ከመጀመሪያው ቋንቋ፣ ማለትም ከኩንታሉ ነው። ከተማ የመጣበት ማሳ ግን ዋጋው በኩንታል መለካቱን ትቷል።

አንድ ሄክታር፣ ሦስት ዋጋ

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድናቸው ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ሰፈር ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። ከአንድ ሄክታር በዓመት 150 ሺህ ብር የሚያገኝ ገበሬ አለ እንበል። በአሥራ አምስት ሲባዛ 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር አሥር ሺህ ካሬ ሜትር ነውና በካሬ ሜትር 225 ብር ደረሰ።

መሬቱ ወደ ከተማ ገባ። መንገድ፣ ቦይና ለሕዝብ አገልግሎት የሚሆን ቦታ ሠላሳ በመቶውን ቢወስድ ለቤት የሚቀረው ሰባት ሺህ ካሬ ነው። የካሳው ወጪ በዚህ ላይ ሲከፋፈል በካሬ 321 ብር ገደማ ይሆናል። ከዚያም አንዱ ቦታ በሊዝ ጨረታ በካሬ 10 ሺህ ብር ተሸነፈ እንበል። ከሦስት መቶ ሃያ አንድ እስከ አሥር ሺህ ያለው ርቀት ምን ይባላል?

ከርቀቱ የተወሰነው እውነተኛ ወጪ ነው። ውኃ፣ መብራትና መንገድ በነፃ አይገቡም። የጨረታ ዋጋም ቢሆን እጅ በእጅ የሚቆጠር ገንዘብ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ከአሥር በመቶ እንዳያንስ ነው የሚጠየቀው፤ ቀሪው ከነወለዱ በዓመታት ይከፈላል። የዋጋ ንረት ከወለዱ በሚበልጥበት ዘመን ዛሬ አሥር ሺህ ብሎ የጠራ ተጫራች በእውነተኛ ዋጋ የሚከፍለው ከዚያ ያነሰ ነው። በጨረታ የሚሰማውን ቁጥር ሰምተው የሚደነግጡ አንባቢያን ይህን ቢይዙ ጥሩ ነው። ሁሉንም ከቀናነስን በኋላ የሚቀረው ግን ከተማ በመሆን ብቻ የተፈጠረ ትርፍ ነው። ማሳውን ያረሰው ሰው ከዚህ ትርፍ በቀመሩ የሚደርሰው የለም።

ሦስተኛው ዋጋ እዚህ ይገባል። ደላላው ለገበሬው በካሬ 3 ሺህ ብር እከፍልሃለሁ ይለዋል። ሁለት መቶ ካሬ 600 ሺህ ብር ነው። ያንኑ ሁለት መቶ ካሬ መንግሥት ቢወስደው ካሳው 45 ሺህ ብር ይሆናል። ከአሥራ ሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ያየ ሰው አዋጅ ቁጥር ስንት እንደሚል አይጠይቅም። ገበሬው ሕግ አክባሪ ስላልሆነ አይደለም የሚሸጠው። እንዲያውም ነገሩን በጥሞና ካየነው ሕጉን አጥብቆ የሚያምን ገበሬ ነው ቶሎ የሚሸጠው። መሬቴ በቅርቡ ይወሰዳል ብሎ እርግጠኛ የሆነ ሰው ለማሳው ማዳበሪያ አይገዛም፤ እርከን አይሠራም፤ ገዢ ይፈልጋል። በዝቅተኛ ካሳ የመወሰድ ሥጋት ራሱ ሕገ ወጡን ገበያ ይቀልበዋል። የጨረቃ ቤት የሚባለው በአንድ ሌሊት ብቅ የሚለው ቤት መነሻው የቤት ፈላጊው ችግር ብቻ ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። የእርሻ ገበያው ድርሻ ግን ከዚያ አያንስም።

የሚገዛውስ ምን ይገዛል? መሬት አልገዛም፤ ሕጉ አይፈቅድለትም። የገዛው ነገ ሕጋዊ ይሆናል የሚል ተስፋ ነው። የሦስት ሺህና የአሥር ሺህ ብር ልዩነት ርካሽ ስላገኘ የተረፈው ትርፍ ይመስለዋል። ገበያው ግን ሞኝ አይደለም። ያ ልዩነት የመፍረስ አደጋ ዋጋ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ ይህ ዋጋ በአንድ ጊዜ ተከፈለ። ከፈረሰባቸው ሰዎች መካከል ለዓመታት የኖሩ፣ መብራት ያስገቡ ነበሩበት። መብራት መግባቱን እንደ ካርታ የሚቆጥር ገዢ ዛሬም አይጠፋም።

ስለ ካሳው አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። በአሥራ አምስት ማባዛት በሌላ አነጋገር ገንዘቡ በዓመት ወደ ሰባት በመቶ ያፈራል ብሎ መገመት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎት ነበር። 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ብሩን በሰባት በመቶ ያስቀመጠ ገበሬ በዓመት 157 ሺህ 500 ብር ያገኛል። ማሳው ይሰጠው ከነበረው 150 ሺህ ይበልጣል፤ ለዚያውም ሳያርስ፣ በሬ ሳይቀልብ። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳቡ ፍትሐዊ ነው ማለት ይቻላል። የጤፍ ዋጋ እጥፍ በሆነ ዓመት ግን ማሳው 300 ሺህ ይሰጥ ነበር፤ ባንኩ ያንኑ 157 ሺህ 500 ይሰጠዋል። ማሳ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ብር አያድግም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከሠላሳ በመቶ በላይ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ጉዳይ አይደለም። ብልህ የሆነው ገበሬ ካሳውን እንደተቀበለ ወደ ከተማ ገብቶ ቤት መግዛት የሚፈልገው ለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት የእርሻው ገንዘብ የቤት ገበያው ገንዘብ ይሆናል።

ገንዘቡ በሁለት አቅጣጫ ይፈሳል

የእርሻ ገንዘብ የቤት ገበያን ሲያሞቅ ማየት የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት አለበት። የሰሊጥ ገንዘብ በጎንደርና በመተማ፣ የቡና ገንዘብ በዲላና በጅማ፣ የጫት ገንዘብ በአወዳይ ወደ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይለወጣል። በእነዚህ ከተሞች የቤት ፍላጎት የሚከተለው የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ ሳይሆን የመኸሩን ሁኔታ ነው። በዚያ ቤት ሠርቶ ለማከራየት የሚያስብ ኢንቨስተር ከባንክ ወለድ ይልቅ የምርቱን የውጭ ገበያ ዋጋ ቢከታተል ይሻለዋል።

በተቃራኒው የቤት ግንባታ ወደ ማሳው የሚልከው መልእክት ባሕር ዛፍ ነው። በአዲስ አበባ ፎቅ የሚወጣው በአጣና ተደግፎ ነው። የብረት ስካፎልዲንግ እየገባ ቢሆንም አጣና ገና ከገበያ አልወጣም። ግንባታ በደራ ጊዜ አጣና ይወደዳል፤ አጣና ሲወደድ በከተማው ዙሪያ ያለ ገበሬ ገብስ ያበቅልበት የነበረውን ማሳ በባሕር ዛፍ ይተክለዋል። ባሕር ዛፍ ደግሞ እንደ ገብስ በሚቀጥለው ክረምት የሚቀየር ነገር አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ከጉቶው መልሶ ይበቅላል። እንግዲህ የዛሬ አምስት ዓመት የቤት ገበያ የዘንድሮውን የገብስ አቅርቦት ወሰነ ማለት ነው። የአጣና ነጋዴዎች የግንባታውን መቀዝቀዝ ከባንኮች ሪፖርት ቀድመው ያውቁታል፤ ይህ ጸሐፊ ስለ ቤት ገበያ የሚነገረውን ሲጠራጠር መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

የምግብ ዋጋም አለ። የመጀመሪያው ቀለበት ወደ ውጭ ሲገፋ ወተቱና ጎመኑ ሩቅ መንገድ ይጓዛል፤ የመኪናው ኪራይ በሊትሩ ላይ ይጨመራል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱ የቆመበት ቦታ ይሰጠው የነበረውን ወተት በውድ ይገዛል። ለዚህ የሚሆን አኃዝ ማንም በየወሩ ስለማያወጣ እንጂ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፖለቲካው የዋጋው አካል ነው

አንዳንድ አንባቢያን ገበያን ከፖለቲካ ለይታችሁ ጻፉ ይሉናል። በዚህ ጉዳይ ላይ አይቻልም። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ ብዙ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ ላይ ባሉት ቤቶች ምክንያት ሌላ ተቃውሞ ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ፉሪ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ገቡ። እያንዳንዱ ውሳኔ በአንድ ማሳ ላይ ያለውን ሁለተኛ ዋጋ፣ ያንን የተስፋ ዋጋ፣ በአንድ ቀን ሊሰቅለው ወይም ሊጥለው ይችላል። የትኛው አስተዳደር ካርታ ይሰጣል? የትኛው ፕላን ይጸናል? ከሪካርዶ ትምህርት ይልቅ ይህን ጥያቄ የመለሰ ደላላ ነው የሚያተርፈው።

የገንዘቡም ፖሊሲ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅና ምንዛሪው ሲወርድ ቁጠባውን በብር የያዘ ሰው ሁሉ መሸሸጊያ ፈለገ። በአገራችን ለተራ ባለገንዘብ ክፍት የሆነ መሸሸጊያ ብዙ የለም፤ ቤት ነው፣ ወርቅ ነው። ስለዚህም የቤት ዋጋ ከኪራዩ ጋር ያለው ዝምድና ከላላ ቆይቷል። ሰው የሚገዛው ለማከራየት ሳይሆን ብሩን ለማስቀመጥ ነው። የእርሻ መሬትን ለዚህ ዓላማ መግዛት ስለማይቻል የሚሸሸው ገንዘብ ሁሉ በጠባቧ የከተማ ቦታ ላይ ይከመራል። አሜሪካዊው ባለሀብት ቤት ሲያስፈራው በአዮዋ መሬት ይገዛል። የእኛው አማራጭ የለውም። የቤታችን ዋጋ ሕዝቡ ካለው ገቢ ጋር ሲነጻጸር ለምን እንደዚህ ሆነ ለሚሉ ሰዎች ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነው።

ቦታ ለሚፈልግ ነጋዴ

በከተማ ዳር ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው የዋጋው ከፍታ ከማስደንገጡ በፊት የያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ ይመልከት። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በሽያጭ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥሪት እንደሚገባ አዋጅ 721 ይናገራል። ስለዚህ የቤቱን ዋጋ ተከራክሮ የጨረሰ ገዢ የሊዙን ክፍያ ካልቆጠረ ሒሳቡ ጎደሎ ነው። በሊዝ የተያዘ ባዶ ቦታን ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍም በትርፍ አይቻልም ለማለት የሚያስደፍር ገደብ አለበት፤ ሻጩ ከከፈለው ሊዝና ከሠራው ሥራ ዋጋ ሌላ የሚፈቀድለት ከሊዝ ማስተላለፊያ ዋጋው አምስት በመቶ ነው። በውክልና የሚደረገው ሽያጭ ይህን ገደብ ለማለፍ የተፈጠረ ዘዴ ነው፤ ወኪል አድራጊው በሞተ ወይም ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ የሚመጣውን ጣጣ ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሰዎች ያውቁታል።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም በስሌቱ መግባት አለበት። ቦታና ቤትን ዘግቶ የማቆየት ወጪ ወደ ምንም ይጠጋ በነበረበት ጊዜ የተሠሩ ብዙ ሒሳቦች አሉ። ታክሱ በየዓመቱ የሚቆጠር ከሆነ ተስፋን ይዞ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ከገበሬ ጋር በቀጥታ መሥራት ለሚፈልግ ሕጋዊ መንገድ ጨርሶ የለም ማለትም አይደለም። ገበሬው መሬቱን በሕጉ በተወሰነ ዘመን ማከራየት ይችላል። አዋጅ 1161 ደግሞ አቅሙ ያላቸው ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት መሬታቸውን ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ገበሬው መሬቱን፣ ነጋዴው ገንዘቡን ይዘው በአንድነት ቢገቡ በካሳውና በጨረታው መካከል ያለው ትርፍ ለሁለቱ ሊከፈል የሚችልበት በር ነው። በሩ ጠባብ ነው፤ አስተዳደሩ ከእጁ የሚወጣውን ገቢ በደስታ አይለቅም።

በመጨረሻም ሦስተኛው መስኮት ገና እየተከፈተ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ይዞ የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ፈቅዷል። እስከዚህ ድረስ ባንኮቻችን የሚያውቁት ቤትና ፎቅ መገመት ነበር። አሁን የባንኩ ገማች ቦቲ ተጫምቶ ማሳ ላይ ቆሞ ቁጥር መጻፍ አለበት። በሞጆ ወይም በሰንዳፋ አንድ ሄክታር ላይ ሲቆም የትኛውን ይጽፋል? የኩንታሉን ወይስ የካሬ ሜትሩን? ኩንታሉን ከጻፈ ብድሩ ለሁለት በሬና ለማዳበሪያ የምትበቃ ትሆናለች። ካሬ ሜትሩን ከጻፈ የባንኩ የእርሻ ብድር በስሙ እርሻ ይሁን እንጂ በቤት ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። የመያዣ ግምት መመሪያ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የሚወስኑት ይህንኑ ነው።